ተቀምጠው የሚከፍቱት የሻይ ሳጥን

የድሮ የጃፓን የሻይ ሳጥን ቆሞ ለሚያየው ሰው ግር ይላል። ብዙውን ጊዜ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘልም። መደርደሪያዎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ በግራ ከፍ ሲል ሌላው በቀኝ ዝቅ ይላል። በሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ መሳቢያዎቹም በመጠን ይለያያሉ። ወለል ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩት ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል። መደርደሪያው ከዓይን ፊት፣ መሳቢያው ከእጅ ሥር ይሆናል።

ስሙ ቻዳንሱ ነው። «ቻ» ሻይ፣ «ታንሱ» ደግሞ መሳቢያና መደርደሪያ ያለው የዕቃ ሳጥን ማለት ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጣመሩ «ታ» ወደ «ዳ» ይለወጣል። ዝነኛው የጃፓን የሻይ ሥርዓት የራሱ ክፍልና የራሱ ዕቃ አለው። ቻዳንሱ ግን የዘወትር ሻይ ሳጥን ነው፤ የሚቀመጠውም ቤተሰቡ በሚመገብበትና በሚጫወትበት፣ «ቻኖማ» በሚባለው ክፍል ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ «ናጋሂባቺ» የሚሉት ሞላላ የከሰል ምድጃ ነበር፤ በላዩ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ ይፈላል። የቤቱ እመቤት በምድጃውና በሳጥኑ መካከል ትቀመጣለች። ሻይ ቅጠሉን፣ ሲኒዎቹን፣ ለእንግዳ የሚቀርበውን ጣፋጭ ለማውጣት መነሳት አያስፈልጋትም፤ እጇን መዘርጋት ይበቃታል።

በሮቹ የሚንሸራተቱት ለዚህ ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት በር አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ጉልበት ይመታ ነበር። የላይኛው ቦይ ከታችኛው ጠለቅ ስለሚል፣ በሩን ወደ ላይ ገፋ አድርገው የታችኛውን ጠርዝ ወደ ራስዎ ሲስቡት ተነቅሎ እጅዎ ላይ ይቀራል። የሚዝግ ማጠፊያ የለውም።

ከፍና ዝቅ ያሉት መደርደሪያዎች የዘር ሐረጋቸው ረጅም ነው። ኪዮቶ በሚገኘው የጊንካኩጂ ቤተ መቅደስ፣ እ.ኤ.አ. በ1486 በተሠራው፣ ቶጉዶ በተባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ይኸው ዓይነት መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ተበጅቶ እስከ ዛሬ ይታያል። በመኳንንቱ ቤት የመጻፊያ ዕቃና ውድ ጌጥ ይቀመጥበት የነበረው ቅርጽ፣ በኋላ ወደ ተራው ቤት የሻይ ሳጥን ወረደ። ለሻይ ዕቃም ተስማማ፤ ረጅሙ የሻይ ቆርቆሮ በሰፊው ክፍተት፣ ዝቅተኛዎቹ ሲኒዎች በጠባቡ ይገባሉ። በ1738 ናጋታኒ ሶኤን የተባለ የኡጂ አካባቢ ገበሬ ቅጠሉን በእንፋሎት አብስሎ፣ አሽቶ የማድረቁን ዘዴ ካሻሻለ ወዲህ በበራድ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው «ሴንቻ» እየተስፋፋ ሄዷል፤ የቤቱም የሻይ ዕቃ አብሮት በዝቷል።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚማርከኝ ግን ሥራው ነው። «ሳሺሞኖ» በሚባለው የእንጨት ጥበብ ባለሙያው የአንዱን ጣውላ ጫፍ በሌላው ውስጥ ሰክቶ ያያይዛል፤ መገጣጠሚያውም ከውጭ እንዳይታይ ይጥራል። ለፊት ለፊቱ የዕድገት መስመሩ ጎልቶ የሚታየው ኬያኪ የተባለ እንጨት፣ ወይም የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ኩዋ ይመረጣል። ከቶኪዮ በስተደቡብ ካለችው ከሚኩራ ደሴት የሚመጣው ኩዋ በተለይ የተከበረ ነው። ለመሳቢያዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀላሉ የኪሪ እንጨት ይገባል። ከላይ የሚቀባው ኡሩሺ ደግሞ በስሙ ከሚጠራው ዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። የሚጠነክረው እንደ ተራ ቀለም በመድረቅ ሳይሆን እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ኦክስጅን እየወሰደ ስለሆነ፣ የተቀባውን ዕቃ ሆን ብለው እርጥበት ባለበት ቁም ሳጥን ያቆዩታል።

ይህ ሳጥን ከቤት የወጣው የሰው አቀማመጥ ሲለወጥ ነው። የጃፓን የቤቶች ኮርፖሬሽን በ1955 ተቋቁሞ ጠረጴዛና ወንበር የሚገባባቸውን የወጥ ቤት ክፍሎች በአፓርታማዎቹ ሲያስፋፋ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ መብላት እየቀረ ሄደ። ቻዳንሱም ወደ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ተሻገረ።

ዛሬ ቤቱ ሊያስገባው ለሚፈልግ ሰው የምመክረው፣ እግር ቀጥሎበት ከፍ እንዳያደርገው ነው። ዝቅ ካለ ሶፋ ወይም ከወለል ትራስ አጠገብ ያስቀምጡት። የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ማድረግም ያሳዝናል፤ ሻይ ይያዝበት። ከሻይ ቅጠሉ ጋር ግን ቡናም ሆነ ቅመም አይግባ፤ ቅጠሉ ሽታ ይስባል። ፀሐይ የኡሩሺን ወዝ ታጠፋለች፣ የማሞቂያ ደረቅ አየር ጣውላውን ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ከመስኮትና ከማሞቂያ ይራቅ። ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ ፈጽሞ አይንካው፤ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ሲገዙ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጀርባውንና ሥሩን ይዩ። የእጅ መላጊያ ዱካ እዚያ ይገኛል፤ አንዳንዴም በጥቁር ቀለም የተጻፈ ዓመትና ስም።

እርጥብ በሆነ ወቅት እንጨቱ አብጦ በሩ ቢጠብቅ አይታገሉት፤ ጠርዙንም አያስልጉት፤ አየሩ ሲደርቅ ይላላል። በሩን ነቅለው የታችኛውን ቦይ በሻማ ቁራጭ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሹት፤ መልሰው ሲገጥሙት ይንሸራተታል።