ሐዲዱን የዘረጉ እጆች
ክፍል 3፦ መዶሻው ዝም ያለበት ሳምንት

እስካሁን የተረክነው፦ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በጁላይ 1862 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የፈረሙት ሕግ ሁለት ኩባንያዎችን እሽቅድምድም ውስጥ ከተተ። ዩኒየን ፓሲፊክ ከኦማሃ ወደ ምዕራብ፣ ሴንትራል ፓሲፊክ ደግሞ ከሳክራሜንቶ ወደ ምሥራቅ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ። በ1865 መጀመሪያ ሴንትራል ፓሲፊክ ሠራተኛ አጣ። ከቀጠራቸው ነጮች ብዙዎቹ ጥቂት ከሠሩ በኋላ ወደ ኔቫዳ የብር ማዕድን ኮበለሉ። ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ የሆነው ቻርልስ ክሮከር ቻይናውያንን እንቅጠር ሲል፣ የግንባታው ኃላፊ ጄምስ ስትሮብሪጅ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ 50 ሰዎች ለሙከራ ገቡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከኩባንያው ሠራተኞች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ቻይናውያን ሆኑ። አሁን 1867 ላይ ነን። ሐዲዱም ከሲየራ ኔቫዳ ተራሮች አናት በታች ደርሶ ቆሟል።

* * *

የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚቆፈረው ዋሻ በመሐንዲሶቹ ካርታ ላይ ቁጥር 6 ተብሎ ተመዝግቧል። ርዝመቱ 506 ሜትር ብቻ ነው፤ በእግር ቢሄዱት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን ድንጋዩ ግራናይት ነው። ሦስት ሰዎች አንድ መሮ ይዘው ይሰለፋሉ። አንዱ ጎንበስ ብሎ መሮውን ይይዛል፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላም ያዞረዋል። ሁለቱ በየተራ በከባድ መዶሻ ይመቱታል። ቀዳዳው ሲጠልቅ ባሩድ ይጠቀጠቅበታል፣ ክር ይለኮሳል፣ ሁሉም ይሸሻል። ጭሱ ሳይጠራ ተመልሰው ፍርስራሹን በጋሪ ያወጣሉ። ይህን ሁሉ ቀንና ሌሊት በፈረቃ ሠርተው፣ በአንድ ግንባር በኩል የሚገፉት በቀን 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር።

ከሁለቱ ጫፎች ብቻ ቢቆፈር ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከተራራው ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ሠራተኞቹ በዚያ ወርደው ከመሐል ወደ ግራና ወደ ቀኝ መቆፈር ጀመሩ። አሁን ድንጋዩ በአራት ግንባር ይመታል። በአራቱም ግንባር መዶሻውን የሚያነሱት ከደቡብ ቻይና፣ ከጓንግዶንግ ገጠሮች ባሕር ተሻግረው የመጡ ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ናቸው።

ከ1866 ወደ 1867 የተሻገረው ክረምት በእነዚህ ሰዎች ላይ የወረደው እንደ መርግ ነበር። መሐንዲሱ ጆን ጊሊስ በዚያ ወቅት 44 የበረዶ ማዕበሎችን መዝግቧል። ከነዚህ አንዱ ለቀናት ሳያባራ ወርዶ ሦስት ሜትር ገደማ በረዶ ከመረ። የዋሻው አፍ ተደፈነ፣ ጎጆዎቹ ተቀበሩ። ሠራተኞቹ ከጎጆ ወደ ሥራ ለመሄድ በበረዶው ውስጥ ሌላ ዋሻ መቆፈር ነበረባቸው። ወራት ሙሉ ፀሐይ ሳያዩ፣ ከበረዶው ሥር ወደ ድንጋዩ ሥር እየገቡ ሠሩ።

በረዶው ሲናድ ደግሞ ካምፑን ከነሰዎቹ ይዞ ይሄዳል። ስትሮብሪጅ ራሱ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1887 ለመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ቃሉን ሲሰጥ ይህን አልካደም። ሰዎች በናዳ እንደተቀበሩና ብዙዎቹ የተገኙት በረዶው ከቀለጠ በኋላ እንደሆነ ተናግሯል። ኩባንያው ስንት ቻይናዊ እንደሞተበት ቆጥሮ አልያዘም። የባሩዱ በርሜል፣ የሐዲዱ ብረት፣ የፈረሱ ገፈራ ተቆጥሯል። የሰው ነፍስ አልተቆጠረችም።

* * *

ኩባንያው በአንድ ቀን የሚገፋው 30 ሳንቲሜትር አልበቃውም። መንግሥት ገንዘቡን የሚለቀው በተጠናቀቀ ሐዲድ ልክ ነው። ለሜዳው በየማይሉ 16,000 ዶላር፣ ለተራራው 48,000 ዶላር የቦንድ ብድር ይሰጣል፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለ ሰፊ መሬትም ይመረቃል። በ1866 የወጣው ሕግ ደግሞ ሴንትራል ፓሲፊክ ከዩኒየን ፓሲፊክ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ወደ ምሥራቅ እንዲገሰግስ ፈቀደለት። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ተራራው ላይ አንድ ወር የዘገየ፣ ሜዳው ላይ የዚያን ወር ገንዘብና መሬት ለተቀናቃኙ ያስረክባል።

ስለዚህ ናይትሮግሊሰሪን መጣ። ይህ ፈሳሽ ከባሩድ እጅግ የበረታ ነው፤ ግን ሲነቀነቅ ይቆጣል። በኤፕሪል 1866 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፈንድቶ ሰዎች ከገደለ በኋላ ማጓጓዙ እጅግ አስፈሪ ሆነ። ኩባንያው መፍትሔ አገኘለት። ጄምስ ሃውደን የተባለ ኬሚስት ተቀጠረና ፈሳሹን እዚያው ተራራው ላይ፣ በዋሻው አጠገብ ይቀምመው ጀመር። ሥራው በእርግጥ ፈጠነ። ፈሳሹን ቀዳዳው ውስጥ የሚያፈሱት፣ ሳይፈነዳ የቀረውንም ከፍርስራሹ ጋር የሚያገኙት ግን ያው መዶሻ የያዙት ሰዎች ነበሩ።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈላቸውን እንይ። ነጩ የቀን ሠራተኛ በወር 35 ዶላር ከነምግቡና ከነማደሪያው ያገኛል። ቻይናዊው በ1867 መጀመሪያ 31 ዶላር ነበር የሚያገኘው፤ ምግቡን የሚገዛው ከዚያው ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ካቦ፣ የራሱ ወጥ ሠሪ አለው። ካቦው ደመወዙን በአንድ ላይ ተቀብሎ ለሰዎቹ ያከፋፍላል። ሩዝ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ አትክልት ይገዛል። ወጥ ሠሪው ውሃ አፍልቶ ሻይ ያዘጋጃል፤ የፈላውን ውሃ በመጠጣታቸውም ከነጮቹ ያነሰ ይታመሙ ነበር። በኩባንያው የደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረው የካቦው ስም ነው። ከሥሩ ያሉት ሰዎች በቁጥር ገብተዋል።

በጸደይ ወራት ኩባንያው ተጨማሪ ሠራተኛ ለመሳብ ብሎ ደመወዙን ወደ 35 ዶላር አሳደገ። በዚህ ነገሩ ያበቃለት መስሎት ነበር።

* * *

በጁን የመጨረሻ ሳምንት፣ በረዶው ከመንገዱ ለቆ ሥራው በሚጦፍበት ጊዜ፣ ከሲስኮ ሰፈር እስከ ትራኪ በተዘረጋው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መሥመር ላይ መዶሻው ዝም አለ።

በአንድ ካምፕ ብቻ አልነበረም። 3,000 ገደማ ሰዎች፣ በተራራና በገደል የተለያዩ፣ በአንድ ጊዜ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደየካምፓቸው ገቡ። ስልክ የለም፤ ቴሌግራፉ የኩባንያው ነው። መልእክቱ ከካቦ ወደ ካቦ በምን መንገድ እንደተሻገረ አለቆቹ አንዳች አላዩም። የሳክራሜንቶ ጋዜጣ በቻይንኛ የታተመ ወረቀት በሠራተኞቹ መካከል ተሰራጭቷል ብሎ ጻፈ።

ጥያቄያቸው አጭርና የጠራ ነበር። ደመወዛችን 40 ዶላር ይሁን። በሜዳ የምንሠራው 10 ሰዓት፣ በዋሻ የምንሠራው 8 ሰዓት ይሁን። ጋዜጣው ሌላም ጨመረ፦ አለቆች እንዳይገርፉን፣ ሌላ ሥራ ፈልጎ መሄድ የሚሻውንም እንዳያግዱ ይላሉ አለ። ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሁለት ዓመት ባልሞላባት አሜሪካ፣ ይህን የመጨረሻ ጥያቄ ያነበበ ሁሉ ምን እንደተባለ ገብቶታል።

እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው እንደቆሙ ማሰብ ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ሕግ ቻይናዊ በነጭ ላይ በፍርድ ቤት ሊመሰክር አይችልም። በአገሪቱ ሕግም ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ድምፅ አይሰጥም። የሠራተኛ ማኅበራት በራቸውን ዘግተውበታል። ዳኛ የለውም፣ እንደራሴ የለውም፣ ዘመዱ በባሕር ማዶ ነው። ያለው ነገር አንድ ነው፤ ያለ እርሱ ዋሻው አይቆፈርም። 3,000 ሰው ይህን አንድ ነገር በአንድ ቀን አወቀ፣ በአንድ ቀንም ተጠቀመበት። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአሜሪካ ምድር ከታዩት የሥራ ማቆም አድማዎች ከትልልቆቹ አንዱ ይህ ነው፤ የመሪዎቹ ስም ግን አልተመዘገበም።

ድንጋይ አልወረወሩም፣ ጎተራ አላቃጠሉም። በካምፓቸው ተቀመጡ። ክሮከር ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለኮንግረስ ኮሚቴ ሲናገር መሥመሩ በሙሉ እንደ እሑድ ቀን ፀጥ ብሎ እንደነበር አስታውሷል። ያንኑ ያህል ነጭ ሠራተኛ ቢያምፅ ኖሮ መቆጣጠር ባልተቻለ ነበርም ብሏል። እርሱ ይህን የተናገረው እንደ ምስጋና ነው። እኔ ግን በዚያ ፀጥታ ውስጥ የማየው ኃይልን ነው። ቢረብሹ ኖሮ ጠመንጃ በቀላሉ ይመልስላቸው ነበር፤ አርፎ ለተቀመጠ ሰው ግን ጠመንጃ መልስ የለውም።

* * *

አለቆቹ ግን ደነገጡ። በካሊፎርኒያ ያሉት የኩባንያው ሰዎች በኒውዮርክ ገንዘብ ወደሚያፈላልገው ወደ ኮሊስ ሃንቲንግተን ደብዳቤ አከታተሉ። የዩኒየን ፓሲፊክ ሰላዮች አነሣሥተዋቸው ይሆናል ተባለ። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ከዋሻ ቆፋሪ ይጠብቁ አልነበረምና ሌላ እጅ ፈለጉ።

ከዚህ የከፋ ሐሳብም ተነሣ። በደቡብ በቅርቡ ነፃ ከወጡት ጥቁሮች 5,000 ያህሉን አምጥተን ሥራው ላይ ብናሰማራ ቻይናውያኑ ይገራሉ ተባባሉ። ከሰንሰለት የወጣውን ሰው፣ ከግርፋት ልውጣ የሚለውን ለመስበሪያ ሊያደርጉት አሰቡ። ሆኖም ከደቡብ እስከ ሲየራ ሰው ማምጣት ወራት ይፈልጋል፤ ክሮከር ደግሞ ወራት አልነበረውም። በጋው አጭር ነው፤ ሴፕቴምበር ሲያልፍ በረዶው ይመለሳል።

የቀረው መሣሪያ አንድ ነበር። ሠራተኞቹ ቀለባቸውን የሚገዙት ከኩባንያው ጋር ከሚሠሩ ነጋዴዎች ነው፤ ዕቃው ወደ ተራራው የሚወጣውም በኩባንያው ባቡርና ጋሪ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሌላ ገበያ የለም፤ እርሻ የለም። ክሮከር ስንቁ እንዲቋረጥ አዘዘ። ሩዝ የጫነው ጋሪ መምጣት አቆመ። ሥጋ ሻጩም እንዳይሸጥ ተነገረው።

በየካምፑ ያለው ወጥ ሠሪ ከረጢቱን ገልጦ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ። መዶሻ ያነሳ አልነበረም።

በሳምንቱ መጨረሻ ክሮከር ከስትሮብሪጅ ጋር ወደ ተራራው ወጣ። ሸሪፉና የታጠቁ ሰዎች አብረውት ነበሩ። ካቦዎቹን አስጠራቸው። የነገራቸው ቃል አማራጭ አልነበረውም። ከ35 ዶላር በላይ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም። ደንብ የማወጣው እኔ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ሥራ የማይገባ ከደመወዙ ይቀጣል።

ካቦዎቹ ወደ ሰዎቻቸው ተመለሱ። በካምፖቹ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ተርበናል፣ እንግባ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ሥራ የሚገባውን እንገርፋለን፣ ጎጆውንም እናቃጥላለን ብለው ዛቱ። ዛቻው ከክሮከር ጆሮ ደረሰ። እርሱም መልሱን ላከ፦ ሊሠራ የወጣን ሰው የሚነካ ቢኖር ሰዎቼ ይተኩሳሉ።

እሑድ መሸ። በአንድ በኩል የተራበ 3,000 ሰው፣ በሌላው በኩል ጠመንጃ የያዘ ቡድን፣ በመካከላቸው ያልተጨረሰው ዋሻ ቁጥር 6። ጠዋት ጁላይ 1፣ ሰኞ ነው። ስትሮብሪጅ የሥራውን መጀመሪያ ምልክት ሲሰጥ ከካምፑ የሚወጣው ማነው? የሚወጣውስ መዶሻ ይዞ ነው ወይስ ባዶ እጁን?

(በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል 4፦ የሰኞ ጠዋት መልስ፣ እና በኋላ በመዝገቡ ላይ በድብቅ የተለወጠው ቁጥር)

ይቀጥላል