ወደ ዓረብ ሀገራት ለሥራ ለሚጓዙ ዜጎች የሚጠቅሙ የዓረብኛ ቃላትና የባህል ስያሜዎች

ከማሻ፣ ከመካነ ሰላምና በአጠቃላይ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ተነሥተው ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ኳታርና ወደ ሊባኖስ የሚጓዙ ወጣቶች በርካታ ናቸው። ብዙዎቹ የሚሰማሩት በቤት ውስጥ ሥራ በመሆኑ፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር በዓረብኛ መግባባት ግድ ይሆንባቸዋል። ቋንቋውን ባለማወቅ የሚደርሰው ችግር በትእዛዝ አለመግባባት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የደመወዝን መጠን በስሕተት ከመረዳት አንሥቶ፣ ምንነቱ ባልታወቀ ሰነድ ላይ እስከመፈረምና በአደጋ ጊዜ የሚረዳ ሰው እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ተጓዦችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዞ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ መሠረታዊ ቃላትን ያብራራል።

ለወሎ ሰው እንግዳ ያልሆነ ቋንቋ

ዓረብኛ ከግእዝና ከአማርኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ቋንቋ ነው። በዓረብኛ ቤት «በይት»፣ ራስ «ራስ»፣ ዓይን «ዐይን»፣ ደም «ደም»፣ አንተና አንቺ ደግሞ «ኢንተ» እና «ኢንቲ» ናቸው። በኤምሬቶች፣ በኩዌትና በሊባኖስ ውኃ «ማይ» ይባላል፤ ይህም ከግእዙ ቃል ጋር አንድ ነው። በወሎ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየዕለቱ የሚጠቀምባቸው «አፊያ»፣ «በረካ»፣ «ሰበብ»፣ «ሒሳብ»፣ «ሱቅ» እና «ፍንጃል» የዓረብኛ ቃላት ናቸው። ስለዚህ የአካባቢው ተጓዥ ቋንቋውን የሚጀምረው ከባዶ አይደለም።

ሆኖም ይህ ቅርበት ጥቅም ያለውን ያህል ያሳስታልም። «ሞያ» በሳዑዲ ውኃ ማለት እንጂ የእጅ ሥራ ማለት አይደለም። «ለሕም» ሥጋ ነው፤ ላም አይደለም። «ዐይብ» የሚባለው ነውር ወይም አሳፋሪ ድርጊት እንጂ የምግብ አይብ አይደለም። «ጂቢ» የምትባል ሠራተኛም አምጪ መባሏ ነው፤ ለወንድ «ጂብ» ይባላል። እነዚህን የመሰሉ ቃላት ከቁጣ ጋር የተነገሩ ሲመስሉ ስድብ ተደርገው እየተወሰዱ አላስፈላጊ ቅሬታ ሊፈጥሩ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ቁጥር፣ ሰዓትና ቀን

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቁጥር ነው። በዓረብኛ «አርበዓ» 4 ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አርባ ይመስላል። «ኸምሳ» 5፣ «ሰብዓ» 7፣ «ተማንያ» 8 ሲሆኑ፣ አድማጩ ሃምሳ፣ ሰባና ሰማንያ ብሎ ሊተረጉማቸው ይችላል። የዓረብኛው አርባ «አርበዒን»፣ ሃምሳው «ኸምሲን»፣ ሰባው «ሰብዒን»፣ ሰማንያው «ተማኒን» ነው። መቶ «ሚያ»፣ ሺህ ደግሞ «አልፍ» ይባላል። በእኛ «እልፍ» 10,000 ስለሆነ፣ «አልፍ ሪያል» የተባለ ደመወዝ 1,000 ሪያል እንጂ 10,000 ሪያል አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የክፍያ መጠን በቃል ሲነገር ምንጊዜም በጽሑፍ እንዲታይ መጠየቅ ይመከራል።

ሰዓትን በተመለከተ የሳዑዲ ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ቢሆንም፣ አቆጣጠሩ በ6 ሰዓት ይለያል። «ሳዓ ሰብዓ» ጠዋት ቢባል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። የኤምሬቶች ሰዓት ደግሞ ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል። በሥራ ውል ላይ የሚጻፈው ቀን በአውሮፓውያን ወይም በሂጅራ አቆጣጠር በመሆኑ፣ የአውሮፓውያኑ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 እንደሚበልጥ ማስታወስ ይገባል። ለምሳሌ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2026 የተባለው በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የውሉ መጀመሪያና ማብቂያ በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ለቤተሰብ ቢሰጥ፣ የሚጠባበቅ ወላጅ ከማያስፈልግ ጭንቀት ይድናል።

የሰነድና የሥራ ስያሜዎች

«ጀዋዝ» ፓስፖርት፣ «ተእሺራ» ቪዛ፣ «ዐቅድ» የሥራ ውል፣ «ራቲብ» ደመወዝ ነው። «ኢቃማ» የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን፣ ወጪውን የመሸፈን ኃላፊነት የአሠሪው ነው። «ከፊል» ሠራተኛው በስሙ የተመዘገበበት አሠሪ ነው። «ኹሩጅ ወ ዐውዳ» ሄዶ የመመለሻ ፈቃድ፣ «ኹሩጅ ኒሃኢ» ደግሞ ጨርሶ የመውጫ ፈቃድ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከባድ ውጤት አለው፤ ለዕረፍት ሄዳ ልትመለስ ያሰበች ሠራተኛ ሁለተኛው ከተሰጣት ሥራዋ ተቋርጧል ማለት ነው። «ሁሩብ» አሠሪው ሠራተኛው ጠፍቷል ብሎ የሚያቀርበው ሪፖርት ሲሆን፣ ሠራተኛውን ለእስርና ወደ ሀገር ለመመለስ ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ ችግር ሲያጋጥም ከቤት ወጥቶ ከመጥፋት ይልቅ ኤጀንሲን፣ በሪያድ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ የሚገኘውን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል። ኤምባሲ በዓረብኛ «ሲፋራ» ይባላል።

ባህልና አክብሮት

በባሕረ ሰላጤው ሀገራት «መጅሊስ» የእንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። በሳዑዲ ቡና «ገህዋ» ይባላል፤ የጽሑፉ «ቀ» በብዙ አካባቢዎች እንደ «ገ» ስለሚነገር ነው። ቡናው በቀኝ እጅ በፍንጃል ይቀርባል፣ በቀኝ እጅም ይቀበሉታል፤ የጠጣ ሰው ፍንጃሉን በትንሹ ሲነቀንቀው በቃኝ ማለቱ ነው። ሕፃንን ሲያደንቁ «ማሻአላህ» ማለት ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይባል ማድነቅ በእኛ ዘንድ «ከዓይን ያውጣው» ሳይሉ እንደማድነቅ ይቆጠራል። በረመዳን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም። አንድ ነገር ሲጠይቁ ለወንድ «ሎ ሰመሕት»፣ ለሴት «ሎ ሰመሕቲ» ማለት፣ ለተደረገም ነገር «ሹክረን» ብሎ ማመስገን አክብሮትን ያሳያል።

በአደጋ ጊዜ

የሚከተሉትን ቃላት በቃል መያዝ ሕይወትን ሊታደግ ይችላል። «ማ ፈሂምት» አልገባኝም፣ «ሹዋይ ሹዋይ» ቀስ በሉ፣ «አነ መሪዳ» (ለወንድ «አነ መሪድ») ታምሜያለሁ፣ «ሳዒዱኒ» እርዱኝ፣ «ሹርጣ» ፖሊስ፣ «ኢስዓፍ» አምቡላንስ፣ «ሙስተሽፋ» ሆስፒታል ማለት ናቸው። በጽዳት ዕቃዎች ላይ «ኻጠር» ከተጻፈ አደገኛ፣ «ሳም» ከተጻፈ መርዝ ማለት ነው። በረኪናን ከአሲድነት ካለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር በሪያድና በመካ 911፣ በኤምሬቶችና በኳታር 999፣ በኩዌት 112 ነው።

ከጉዞ በፊት

በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 መሠረት፣ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት በሕጋዊ መንገድ ብቻ ይከናወናል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው ይሸፈናል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ እንዲመለሱ መደረጉ፣ ያለ ሰነድ የሚደረግ ጉዞ የሚያስከትለውን ጉዳት በግልጽ አሳይቷል። በደላላ አማካይነት በጅቡቲና በየመን በኩል የሚሄድ ወጣት የሥራ ውልም ሆነ ኢቃማ አይኖረውም፤ ቋንቋውን አቀላጥፎ ቢናገር እንኳ መብቱን የሚጠይቅበት ሰነድ የለውም።

ስለሆነም ተጓዦች የቅድመ ጉዞ ሥልጠናውን በትኩረት እንዲከታተሉ፣ የውሉን ቅጂ ለቤተሰብ ትተው እንዲሄዱና ከላይ የተዘረዘሩትን ቃላት በትንሽ ማስታወሻ ጽፈው እንዲይዙ ይመከራል። ከባሕር ማዶ ለሚመለሱ ዜጎችም ጥሪ እናቀርባለን፤ የተማሩትን ቃልና ያዩትን ልምድ ገና ለሚነሡት እኅቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ያካፍሉ። በቡና ላይ የተነገረች አንዲት ቃል በሰው ሀገር ላለ ወገን ዋስትና ልትሆነው ትችላለች።