ስለሚላክ ዕቃ አቀባበልና ስለ ተላላኪው አደራ

በዛሬው ንግግራችን ልንገልጽላችሁ ያሰብነው፥ ከሩቅ የተላከላችሁ ጥቅል ዕቃ በግድየለሽ እጅ ተሰብሮ ወይም ረጥቦ ሲደርሳችሁ፥ ማንን እንደምትጠይቁና እንዴት እንደምትጠይቁ ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው ትንሽ ይመስለዋል። ነገር ግን ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለእናቱ መድኃኒት የላከ ልጅ፥ ወይም የትምህርት ማስረጃውን በፖስታ የሚጠባበቅ ሥራ ፈላጊ፥ ትንሽ ነው አይለንም።

በሰሜን ወሎ፥ በሀብሩ ወረዳ፥ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አክስት አሉኝ። ዐይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ፥ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው መነጽር አሠርቶ በአደራ ደብዳቤ ደንብ በፖስታ ላከላቸው። አድራሻውን የጻፈው ወልዲያ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሚሠራ ዘመዳችን በኩል፥ በመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ዕቃ በደሴ፥ በሐይቅ፥ በውጫሌና በውርጌሳ አድርጎ መርሳን ካለፈ በኋላ ነው ወልዲያ የሚደርሰው። ስለዚህ የአክስቴ መነጽር በደጃቸው አልፎ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፥ ተመልሶ ሊመጣላቸው ነበር ማለት ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ጥቅሉን ከፖስታ ቤት ፈርሞ ወሰደ። ዘመዳችን በዚያ ቀን ለሥራ ወደ ገጠር ወጥቶ ስለ ነበር፥ ተላላኪው ከበሩ ዘበኛ ዘንድ ጥሎት ሄደ። ወሩ ነሐሴ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጥቅሉ ሲገኝ፥ የዘበኛው ቤት በር በነፋስ እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ነበር። ሲከፈት ካርቶኑ በስብሷል፤ የግራው መስተዋት ሦስት ቦታ ተሰብሯል።

ዘመዳችን ተቆጥቶ ሁሉንም ጠየቀ። ፖስታ ቤቱ መዝገቡን ገልጦ፥ ዕቃው ያለ ጉድለት መረከቡን የሚያሳየውን ፊርማ አመለከተው። ተላላኪው «እኔ ለዘበኛው ሰጥቻለሁ» አለ። ዘበኛው ደግሞ «በውስጡ ምን እንዳለበት ማን ነገረኝ?» ሲል መለሰ። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም አልዋሸም። የጐደለው፥ ዕቃው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ በምን ሁኔታ ላይ እንደ ነበረ የሚናገር ወረቀት ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? በሌላው ዓለም በብዙ ስፍራ ፖስተኛው ዕቃውን ከቤቱ ደጃፍ ያደርሳል። በአገራችን ግን የፖስታ አገልግሎት ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የተመሠረተው በፖስታ ሣጥን ላይ ነው። ደብዳቤ ከሣጥን ይወሰዳል፤ ጥቅል ዕቃ ሲመጣ ግን ማስታወቂያ ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥና ባለቤቱ ወይም ወኪሉ መታወቂያውን ይዞ ከመስኮቱ ይረከባል። እንግዲህ የመጨረሻውን መንገድ የሚሄደው የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ሳይሆን እኛ የላክነው ሰው ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊነት በመስኮቱ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኛ ጉዳይ ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታን በአገራችን ሲያቋቁሙ፥ በ1887 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ከፓሪስ ታትመው ሲመጡ፥ መልእክት ማድረስ ለሕዝባችን አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊትም መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ቆንጥጦ ተራራና ቆላ ያቋርጥ ነበር። ያ በትር ለእኔ ጥሩ መዝገብ ይመስለኛል፤ ወረቀቱ ለሁሉ ይታያልና ተቀደደ፥ ጠፋ ለማለት የሚያሻማ ነገር የለውም። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. በ1867 ዓ.ም. ለተመሠረተው የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፥ ይህንኑ አደራ በዓለም አቀፍ ውል ተቀበለች።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከመስኮቱ ስትቀርቡ አስቀድማችሁ አትፈርሙ። ጥቅሉን አገላብጣችሁ ተመልከቱ፤ ማሸጊያው የተላጠ፥ ገመዱ ሁለተኛ የታሰረ፥ ጥጉ የተጨፈለቀ ወይም የረጠበ እንደ ሆነ ለሠራተኛው አሳዩት። ሲነቀነቅ የመስተዋት ስባሪ ድምፅ ከተሰማ፥ እንዲመዘንና በፊታችሁ እንዲከፈት በትሕትና ጠይቁ። በተላከበት ጊዜ የተጻፈው ክብደት ከአሁኑ ጋር ካልተስማማ፥ ከውስጡ አንድ ነገር መጉደሉ ያጠራጥራል። ከዚያም የተገኘውን ጉድለት በቃለ ጉባኤ አስጽፋችሁ፥ ወይም ከፊርማችሁ አጠገብ «ካርቶኑ ረጥቦ፥ አንድ መስተዋት ተሰብሮ ተረክቤአለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ያለ ተቃውሞ የፈረመ ሰው በኋላ መከራከር ይከብደዋል፤ በዓለም አቀፉ ውልም ቢሆን፥ ጉዳቱን ሳይዘገይ አስታውቆ ከርክክቡ በኋላ አለመድረሱን ካላስረዳ በቀር፥ የፖስታ ኃላፊነት በመሠረቱ የሚያበቃው በዚህ ርክክብ ነውና። «ወረፋው ረዥም ነው፥ ሰው ይቆጣኛል» ብላችሁ አትፈሩ። የሚቆጣው ሰው የእናንተን መነጽር አይተካም።

ከውጭ አገር ለተላከ ዕቃ አቤቱታ ለማቅረብ ውሉ የሚፈቅደው፥ ዕቃው በተላከ ማግሥት የሚጀምር የስድስት ወር ጊዜ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ላኪው ነው፤ ደረሰኙ በእርሱ እጅ ነውና። ላኪው መብቱን በጽሑፍ ለተቀባዩ ማስተላለፍ ይችላል። በተራ ደብዳቤ ለተላከ ነገር ካሣ የለም፤ በአደራ ደንብ ለተላከ የተወሰነ ካሣ አለ፤ በዋስትና ለተላከም እስከ ተነገረው ዋጋ ድረስ ይከፈላል። ላኪው በመጥፎ አስተሻሸግ ያጠፋውን ግን ማንም አይክስም።

በደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር አትናቁት። ሁለት የላቲን ፊደሎች፥ ዘጠኝ አኃዞችና በመጨረሻ የአገሩ ምልክት አሉት፤ የኢትዮጵያ «ኢ ቲ» ነው። ዘጠነኛው አኃዝ ከቀደሙት ስምንቱ በስሌት የሚወጣ መቈጣጠሪያ ነው። ስለዚህ ሲገለበጥ አንድ አኃዝ እንኳ ቢሳሳት ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። ቁጥሩን ያላስቀመጠ ሰው ዕቃዬ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል።

የመሥሪያ ቤት ተላላኪን በሚመለከት ግን ነገሩ በቁጣ አይቃናም። ብዙ ሹማምንት ተላላኪውን ይሳደባሉ፤ ነገር ግን ያው ሰው አምስት ጥቅል በክንዱ ታቅፎ፥ ቦርሳም ጃንጥላም ሳይሰጠው፥ በነሐሴ ዝናብ ሲመላለስ ዐይተው ዝም ብለዋል። በመጀመሪያ ለብቻው ጠርታችሁ ዕቃውን ከመስኮቱ በምን ሰዓት እንደ ወሰደ፥ ያን ጊዜ እንዴት እንደ ነበረና ለማን እንደ ሰጠ ጠይቁት። ደጋግሞ ካጠፋ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ቀኑን፥ ቁጥሩንና የደረሰውን ጉዳት ብቻ የያዘ አጭር ማስታወሻ ጻፉ፤ «ሰነፍ ነው፥ ጠጪ ነው» የሚለውን ተዉት፤ ማስረጃውን ያደክመዋል። ደግሞም መዝገብ ቤቱ አንድ የመረካከቢያ መዝገብ ከተላላኪው ጋር ይላክ። የጥቅሉ ቁጥር፥ ሁኔታው፥ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ይግባበት። ባለቤቱ ከሌለ ዕቃው ለዘበኛ ሳይሆን ተመልሶ ለመዝገብ ቤቱ ይግባ፥ ይቈለፍበትም። አንድ ደብተር የሚጠይቀው ወጪ ምን ያህል ነው?

የሌላውን ጥቅል ደግሞ «ምን ይሆን?» ብሎ መክፈት ስንፍና ብቻ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ በፖስታ የሚላላኩት ነገር እንዳይደፈር ደንግጓል።

ብዙ ሰው ዛሬ ዕቃውን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይልካል። ፈጣን ነው፤ ክፉ አይደለም። አጓዡም ዕቃውን ከተረከበበት እስከሚያስረክብበት ጊዜ ድረስ ኃላፊ ነው። ነገር ግን መረከቡን በምን ታስረዳላችሁ? ደረሰኝ፥ ቢያንስ የመኪናውን የሰሌዳ ቁጥርና የሰዓቱን ማስታወሻ ያዙ።

ስለ ላኪውም አንድ ቃል እንጨምር። ከአዲስ አበባ ወልዲያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕቃው ጣርማ በር ላይ ይቀዘቅዛል፤ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ይግላል። ቅቤው የሚቀልጠው እዚያ ነው፤ ከአጠገቡ ያለውን የሰው ሰነድም ያበላሻል። የሚሰበር ነገር በሁሉም ወገን በጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅጥቆ፥ ሲነቀነቅ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። የላዩ ጽሑፍ በውኃ ቢጠፋ፥ የአድራሻው ግልባጭ በውስጥ ይቀመጥ።

የአክስቴን መነጽር በተመለከተ ካሣ አልተገኘም። ያ መሥሪያ ቤት ግን ደብተሩን ገዝቷል፤ ዘመዳችን ራሱ መስመሩን አሰመረ። መነጽሩንም ይዞ ወደ መርሳ ወርዶ እያፈረ ሲሰጣቸው፥ አክስቴ በአንዱ መስተዋት አሻግረው ደጁን ተመለከቱና፦ «አብሽር ልጄ፤ ግማሹስ ደረሰ አይደል?» አሉት። ሁለተኛው መስተዋት የተተካው ከመስከረም በኋላ ነው።