ልጓሙ የላላ ስሜት፦ ኤዲኤችዲ ያለባቸው አዋቂዎችና ስሜትን የመግራት ጥበብ

የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ኤዲኤችዲ) ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚሳለው አንድ ቦታ መቀመጥ የሚሳነውና ደብተሩን የሚረሳ ሕፃን ነው። ሆኖም ችግሩ ብዙዎችን እስከ አዋቂነት ይከተላል፤ ጥናቶች ከአዋቂዎች መካከል ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት እንዳለባቸው ይገምታሉ። በዚህ ዕድሜ ጓደኝነትን፣ ትዳርንና ሥራን በብርቱ ከሚያናጉት ጠባዮቹ አንዱ በቅጽበት ገንፍሎ የሚወጣ ስሜት ነው። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምንጭና ስሜትን የመግሪያ መንገዶችን እንመለከታለን።

ችግሩ ምንድን ነው?

መቆጣት፣ ማዘንና መከፋት የሁሉም ሰው ነው። ስሜትን የመግራት ችግር አለ የሚባለው ስሜቱ ከምክንያቱ ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ ፈጥኖ ሲቀጣጠልና ለመብረድ ሲዘገይ ነው። ለምሳሌ አማካሪያቸው በመመረቂያ ጽሑፋቸው ኅዳግ ላይ «ይህ ምዕራፍ እንደገና ይጻፍ» ብሎ ያሰፈረባቸውን ሁለት ተማሪዎች እንውሰድ። የመጀመሪያው ቅር ይለዋል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ወደ እርማቱ ይመለሳል። ኤዲኤችዲ ያለበት ሁለተኛው ግን ደሙ ይፈላል፤ ሳያመዛዝን ለአማካሪው የቁጣ መልእክት ይልካል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም በጸጸት ይዋጣል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ቁጣው ቢበርድም የተላከው አይመለስም።

ይህ ከባይፖላር ሕመም የተለየ ነው። በባይፖላር የስሜት መዋዠቁ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ይዘልቃል፤ እዚህ ግን ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቅ ምክንያት ተከትሎ ይመጣና በሰዓታት ውስጥ ያልፋል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ስቲል ገና እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ ባቀረባቸው ትምህርቶች የእንዲህ ዓይነት ልጆችን ቁጡነት ገልጾ ነበር። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዌንደር ለአዋቂዎች ያዘጋጀው መመዘኛም ግልፍተኝነትንና የስሜት መለዋወጥን ያካትታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ግን ከ18ቱ ዋና ምልክቶች ውስጥ አላስገባውም፤ አብረው ከሚታዩ ባሕርያት መካከል ብቻ ጠቅሶታል። በመሆኑም ብዙዎች ችግሩን የገዛ ጠባያቸው ብልሹነት አድርገው በኀፍረት ይኖራሉ።

በአንጎል ውስጥ ምን ይከናወናል?

አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል አስጊ ነገርን በቅጽበት ይለያል። ከግንባር በስተጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ ደግሞ እንደ ልጓም ሆኖ ያረጋጋዋል። ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት ኬሚካሎች ለዚህ ተግባር አስፈላጊ ናቸው። በኤዲኤችዲ ይህ ልጓም ይላላል። «አማካሪዬ ከዚህ ቀደም ረድቶኛል» የሚለውን ሐሳብ በቁጣው መካከል በአእምሮ ይዞ መቆየትም አስቸጋሪ ይሆናል።

ስሜትን እንዴት መግራት ይቻላል?

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረበው ሞዴል መሠረት ስሜትን በአምስት ደረጃዎች ላይ መግራት ይቻላል። የተማሪውን ምሳሌ ይዘን እንያቸው።

1. ሁኔታን መምረጥ፦ እርማቱን ተርቦ ወይም እንቅልፍ አጥቶ አለመክፈት።

2. ሁኔታን መለወጥ፦ አማካሪው አስተያየቱን ፊት ለፊት እንዲያስረዳ አስቀድሞ መጠየቅ።

3. ትኩረትን ማዞር፦ ወረቀቱን አጥፎ ጥቂት በእግር መንሸራሸር።

4. አተረጓጎምን መለወጥ፦ «ናቀኝ» ከማለት ይልቅ «ምዕራፉ እንዲሻሻል ፈልጓል» ብሎ ማሰብ፤ ይህንንም በሰከነ ሰዓት ጽፎ ማስቀመጥ።

5. ምላሽን መግታት፦ መልእክቱን ቢጽፍም ሳይልክ ማሳደር።

ዘመድ ወዳጅ «ራስህን ተቆጣጠር» ሲል የሚጠይቀው አምስተኛውን ነው። ይህ ደግሞ የላላውን ልጓም ስሜቱ በጋለበት ሰዓት መሳብ ነውና ከሁሉም ይከብዳል። ስለዚህ ብልሃቱ ጥረቱን ወደ መጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ማምጣት ነው። ስሜትን በስሙ መጥራትም ይረዳል፤ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በፎቶግራፍ ላይ የሚታይን ስሜት በቃል መሰየም የአሚግዳላን እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ሕክምናውና ጥንቃቄው

እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ መድኃኒቶች የሁለቱን ኬሚካሎች መጠን በመጨመር ትኩረትን ያሻሽላሉ፤ በስሜት ላይ ያላቸው ጥቅም ግን በአመዛኙ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለሆነም የንግግር ሕክምና ተጨማሪ ድጋፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ስቲቨን ሳፍረንና ባልደረቦቹ መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቱ ያልለቀቃቸውን አዋቂዎች አጥንተው፣ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና የወሰዱት የሰውነት ማፍታቻ ልምምድና ትምህርት ካገኙት የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውን ዘግበዋል።

በአገራችን አንዳንድ ተማሪዎች ትኩረት ለማግኘት ወደ ጫት ይሄዳሉ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። መጠኑ ግን በሐኪም አይለካም፤ እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናው ሲያልፍም ድብርትና ብስጭት ይከተላል። ስሜቱን ለመግራት ለሚታገል ሰው ይህ ተጨማሪ ሸክም ነው።

የችግሩን ምንጭ ማወቅ ያስቀየሙትን ይቅርታ ከመጠየቅ ነጻ አያደርግም፤ ነገር ግን «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነኝ?» የሚለውን ጥያቄ «ከየትኛው ደረጃ ልጀምር?» በሚል ይተካዋል። ከልጅነት ጀምሮ ትኩረት የማጣትና የመቸኮል ጠባይ ያለበት፣ ስሜቱም ኑሮውን የሚያውክበት አንባቢ በራሱ ግምት ሳይወሰን የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢያማክር መልካም ነው።