ጥቁሩ ከሰል ምን ያህል ጥቁር ነው?

ለኮምፒውተር ጨዋታ የከሰል ክምር እንዲሠራ የታዘዘ ጀማሪ ሠዓሊ ብዙውን ጊዜ ድፍን ጥቁር ቀለም ሞልቶበት ይጨርሳል። የሚወጣው ግን ከሰል ሳይሆን ጉድጓድ ይመስላል። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ከዲከረንስ ዛፍ የሚያከስለው ከሰል፣ እንደ ማንኛውም ከሰል፣ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ አዲስ የወረደ በረዶ እንኳ ከ80 እስከ 90 በመቶ ቢመልስ እንጂ መቶ አይሞላም። የአዊ ቀይ አፈርም፣ ቀርከሃውም፣ የእንጅባራ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይም በእነዚህ ጫፎች መካከል ናቸው። ማቴሪያል የሚባለውን የጨዋታ ገጽታ መሥራት የሚማር ሰው ከሁሉ በፊት የዕቃውን ቀለም ካረፈበት ብርሃን ለይቶ ማየት አለበት።

ማቴሪያል አንድ ሥዕል አይደለም፤ በአንድ ገጽ ላይ የተደራረቡ ሥዕሎች ናቸው። አንዱ ጥላና ነጸብራቅ የሌለበትን ቀለም ይይዛል፣ ሌላው ሸካራነትን፣ ሌላው ብረት መሆን አለመሆኑን። ኖርማል ማፕ የሚባለው ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ ወዴት እንደሚያዘነብል ስለሚናገር ጠፍጣፋው ገጽ ጎርበጥባጣ መስሎ ይታያል፤ የዚህ ሐሳብ ሥር ጂም ብሊን በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። ከእነዚህ ሁሉ እውነቱን የሚሸከመው፣ በእኔ ግምት፣ ሸካራነት ነው። ዳንግላ ላይ ክረምት ሲገባ የአፈሩን መንገድ ማየት ይበቃል። ውሃው ቀዳዳውን ሲሞላ አፈሩ ይጠቁራል፤ ከዚያም በላይ ገጹ ይለሰልስና ሰማዩን ያንጸባርቃል። ቀለሙን ብቻ ያጠቆረ ተማሪ የሠራው ሌላ ዓይነት ደረቅ አፈር ነው።

«ታዲያ ፎቶ ማንሳት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ፎቶ የተነሳበትን ፀሐይ ከነጥላው ይዞ ይመጣል፤ የጨዋታው ፀሐይ ከሌላ አቅጣጫ ሲወጣ ግድግዳው ሁለት ፀሐይ ያለው ይመስላል። ባለሙያዎች ደመናማ ቀን የሚመርጡት ለዚህ ነው፣ በዚህ ረገድ የአዊ ክረምት ለጋስ ነው። ሆኖም ሸካራነትን ተራ ፎቶ አይሰጥም። ተዘጋጅተው የተቀመጡ የማቴሪያል ክምችቶችም አሉ፤ ፖሊ ሄቨን በነፃ ያድላል። ጠቃሚ ናቸው፣ ነገር ግን ማንም ያልቀዳው ነገር በውስጣቸው አይገኝም። እርጥብ ቀርከሃ አንጸባራቂ ነው፣ ዓመታት የቆየ አጥር ደግሞ ግራጫና ደብዛዛ፣ ከብት የሚታከክበት ቦታ ግን መልሶ ይለሰልሳል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ አጥሩን ያየ ሰው ነው።

የአገራችን ጨዋታዎች፣ የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ጨምሮ፣ ለስልክ የተሠሩና ካርቱን መሰል ስለሆኑ እውነተኛ ገጽታ ምን ይጠቅማል የሚለው ክርክር ከሁሉ ይጠነክራል። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ጨዋታዎች የሚከተሉትን የማቴሪያል አሠራር ዘዴ የዲዝኒው ብሬንት በርሊ በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ መነሻው «ሬክ ኢት ራልፍ» የተባለ የካርቱን ፊልም ነበር። እርግጥ ብሌንደር የተባለው የሦስት ገጽታ (3D) ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ቢገኝም የግራፊክስ ካርድና መብራት በነፃ አይገኙም፤ ይህን መካድ ከንቱ ነው። ለመለማመጃ ግን አንድ ኳስ ላይ አንድ ማቴሪያል ማልበስ ይበቃል፣ እሱም በደካማ ኮምፒውተር ይሠራል። መብራቱን በኳሱ ዙሪያ ማዞር ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አምሮ የሚታይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ውስጥ ጥላ ተደብቋል።