ፒኤች፦ አንድ ደረጃ፣ አሥር እጥፍ

ቢራ ጠማቂው ካርልስበርግ ኮፐንሃገን ውስጥ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ የኬሚስትሪ ክፍሉን ይመራ የነበረው ሶረን ሶረንሰን፣ ኢንዛይሞች ፈሳሹ ምን ያህል አሲዳማ ሲሆን በደንብ እንደሚሠሩ ያጠና ነበር። አሲዳማነቱን የሚወስነውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን በሊትር 0.0000001 ሞል እያሉ መጻፍ ግን አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 እነዚህን ዜሮዎች በአንድ አጭር ቁጥር የሚተካ መለኪያ አቀረበ፤ ፒኤችን።

ስሌቱ ከስሙ ይቀላል። በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ስንት ሞል የሃይድሮጅን አዮን እንዳለ ይታወቃል፤ መሠረቱ 10 የሆነው ሎጋሪዝሙ ይወሰዳል፤ ምልክቱ ይገለበጣል። በሊትር 0.01 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካለ፣ ይህ አሲድ አዮኑን ሙሉ በሙሉ ስለሚለቅ ፒኤቹ 2 ነው። ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲቀላቅሉ ነው። ፒኤቹ 4 የሆነ አንድ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 6 ከሆነ አንድ ሊትር ጋር ቢደባለቅ መልሱ 5 ይመስላል። አይደለም። በ4 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት መቶ እጥፍ ነው፤ አማካዩም የሚወሰደው ከአዮኑ ነው። 0.0001 እና 0.000001 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 0.0000505 ይሆናሉ፤ ፒኤቹም 4.3 ገደማ።

ፒኤች የማይናገረው ነገርም አለ። በሊትር 0.1 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 1 ነው፤ ያንኑ ያህል የኮምጣጤው አሴቲክ አሲድ ግን 2.9 አካባቢ ነው፤ ምክንያቱም ከመቶ ሞለኪውል አዮኑን የሚለቀው አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ሆኖም የሁለቱንም ኃይል ጨርሶ ለመስበር የሚያስፈልገው ቤዝ እኩል ነው። ፒኤች ያሁኑን አዮን እንጂ ገና ያልተለቀቀውን አይቆጥርም።

ይህ ልዩነት ለጎጃምና ለወለጋ ገበሬ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ዝናብ በበዛበት ደጋ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በዘመናት ታጥቦ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ፒኤቹ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የገብስና የስንዴን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፈረሱም ይታሰርና ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ እንደሚገባው አይጠቅመውም። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ ነው።

ግን ስንት? ባለሙያው ደርቆ የተነፋ 10 ግራም አፈር ከ25 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ያማስላል፤ ከዚያ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ሙሙቶች ቀድሞ የተስተካከለውን የመስታወት ኤሌክትሮድ ይነክራል። መሣሪያው 4.8 አለ እንበል። አሲዱ በውሃው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው በሸክላው ቅንጣቶች ላይ ተለጥፏል፤ ኖራው የውሃውን ሲያጠፋ የተለጠፈው እየተላቀቀ ይተካዋል። ስለዚህ ሁለቱም 4.8 ከሆኑ ማሳዎች ሸክላማው ከአሸዋማው እጅግ የበለጠ ኖራ ይፈልጋል። ቤተ ሙከራውም የተለጠፈውን አሲድ በፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት አላቅቆ ይለካል፤ ለሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ የሚሰላው ከዚህ ልኬት ነው።