ፈጣኑን መስመር የሚያዘገየው ማን ነው?

ጠጋ በሉማ፤ እኛ የኔትወርክ ሰዎች እርስ በርሳችን የምናወራውን፣ ለደንበኛ ግን እምብዛም የማንነግረውን ላጫውታችሁ። በሰከንድ 10 ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር የገዛ ተቋም፣ ትልቅ ፋይል ወደ ሩቅ አገር ሲልክ የከፈለበትን ፍጥነት ሩብ እንኳ ላያገኝ ይችላል። ኬብሉ ጤነኛ ነው፤ ራውተሩም አልተበላሸም። ችግሩ ላኪው ኮምፒውተር ውስጥ፣ መረጃውን የሚልከው የኢንተርኔት ሥርዓት፣ ቲሲፒ፣ መቼ እንዲፈጥን መቼ እንዲያፈገፍግ በሚወስነው ደንብ ላይ ነው።

ደንቡ የመጣው ከክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላብራቶሪና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ መካከል፣ 400 ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በሰከንድ 32 ሺህ ቢት የነበረው ፍሰት ወደ 40 ቢት ወረደ። ቫን ጃኮብሰንና ማይክ ካሬልስ በ1988 መድኃኒቱን አሳተሙ። ፓኬት፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ ከሚላክባቸው ቁራጮች አንዱ፣ ከጠፋ መንገዱ ተጨናንቋልና ላኪው ያፈግፍግ፤ ከዚያም በጥንቃቄ፣ በእያንዳንዱ ደርሶ መልስ (ፓኬቱ ደርሶ ማረጋገጫው እስኪመለስ) አንድ ፓኬት ብቻ እየጨመረ ይውጣ የሚል ነው። ከዚህ ደንብ ባደገው ቲሲፒ፣ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ፍሰቱ በግማሽ ይቀነሳል። ኢንተርኔትን ያተረፈ ሥራ ነው፤ ዛሬም በአክብሮት ነው የማነሳው።

አሁን በ10 ጊጋ ቢት አስሉት። ደርሶ መልሱ 100 ሚሊሰከንድ፣ ፓኬቱ 1500 ባይት ቢሆን፣ መስመሩ የሚሞላው 83 ሺህ ያህል ፓኬቶች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሲሆኑ ነው። አንዲት ፓኬት ከጠፋች ቁጥሩ ወደ 41 ሺህ ይወርዳል፤ አንድ አንድ እየጨመሩ ወደ ቦታው ለመመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል! የኔትወርክ ተመራማሪዋ ሳሊ ፍሎይድ በ2003 እንዳሰሉት፣ እንዲህ ያለው መስመር ሞልቶ እንዲቆይ ከ5 ቢሊዮን ፓኬቶች ከአንድ በላይ መጥፋት የለበትም።

ስለዚህ ብዙዎች አቋራጭ ያዙ። ፋይሉን ቆራርጠው በብዙ ኮኔክሽን በአንድ ጊዜ ይልኩታል፤ አንዱ ሲያፈገፍግ ሌሎቹ ይሮጣሉ። ይሠራል። ግን በአንድ ኮኔክሽን ብቻ የሚልከው ጎረቤት ድርሻው ይቀማል፤ የሚቆጣጠርም የለም። መስመሩን በጋራ እንድንጠቀም የሚያደርገን የላኪዎች ፈቃደኝነት ነው።

ከ2006 ጀምሮ የሊኑክስ መደበኛ ደንብ የሆነው ኩቢክ የተሻለ መንገድ አሳየ። ዛሬ ባለው መልኩ ፓኬት ሲጠፋ 30 በመቶ ብቻ ይቀንሳል፤ ሲመለስም በደርሶ መልስ ቁጥር ሳይሆን ፓኬቱ ከጠፋ ወዲህ ባለፈው ጊዜ ይመራል። ጎግል በ2016 ያስተዋወቀው ቢቢአር ደግሞ ፓኬት እስኪጠፋ አይጠብቅም፤ የመስመሩን ጠባብ ቦታ አቅምና አጭሩን የደርሶ መልስ ጊዜ እየለካ ይልካል። ፍጥነቱ ያስደንቃል። ሆኖም የመጀመሪያው ቢቢአር፣ ተራ የሚጠብቁ ፓኬቶችን የሚይዝ ትንሽ ማቆያ ባላቸው ራውተሮች ላይ ከኩቢክ ጋር ሲገናኝ ኩቢክን ክፉኛ ያጣብበው ነበር፤ ጎግልም ደንቡን ወደ ማሻሻል ገባ።

ለዚህ ነው አዲስ አልጎሪዝም ይዞ የሚመጣን ሰው ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቄ በፊት አብሮት በዚያው መስመር የሮጠው ኩቢክ ምን ያህል እንደቀረለት የምጠይቀው።